መጽናትና መተው፦ ነርስ ለመሆን በሚደክሙ ወጣቶች ጥያቄ ላይ

አንድ ሥራ መልካም መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ያ መልካም ሥራ ለእኔ የተሰጠ መሆኑ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው በሕይወቱ ከሚገጥሙት ጥያቄዎች እጅግ የሚከብዱት በክፉና በደግ መካከል የሚነሡት ብቻ አይደሉም። ሕሊናው ያልደነዘዘ ሰው ክፉውን ከደጉ ለመለየት ብዙ ጊዜ አይቸገርም። የሚጨነቀው ደግ መሆኑን በሚያውቀው ነገር ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ጉልበቱ እየዛለ፣ «ልቀጥል ወይስ ልተው?» ብሎ ራሱን ሲጠይቅ ነው። ለመቀጠል ምክንያት አለው፤ ለመተውም ምክንያት አለው። ቀጥል የሚሉትም ሆኑ ተው የሚሉት ይወዱታል። ስለዚህ ጥያቄው የብልሃት ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የግብረ ገብ ጥያቄም ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በአንድ የታወቀ ጉዳይ ላይ አቅርበን ልንመረምረው አስበናል። ይኸውም ነርስ ለመሆን ተመኝተው፣ ወደ ነርስነት ትምህርት ከመግባታቸው በፊት ማለፍ የሚገባቸው ሒሳብ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ባዮሎጂ ከብዷቸው በመንገድ ላይ የቆሙ ወጣቶች ጉዳይ ነው።

የልደታ ልጆችና ነጩ ጋውን

በአዲስ አበባ ከተማ ልደታ ለዚህ ምኞት የሚመች ሰፈር ነው። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፤ የባልቻ ሆስፒታልም እንዲሁ። ወደ ምዕራብ ሲዘልቁ ደግሞ ለአካባቢው ስሙን የሰጠው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል አለ። አሮጌው መንደር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም በተተካበት በዚህ ሰፈር ያደጉ ልጆች ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ሌሊቱን በተረኝነት አድረው ወደየቤታቸው የሚመለሱ ነርሶችን በመንገድ ያገኛሉ። ምሳ ዕቃ ይዘው ከእናታቸው ጋር የታመመ ዘመድ ሊጠይቁ የገቡም ብዙ ናቸው። በዚያም የአያታቸውን ትራስ የምታስተካክል፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የምትሰጥ፣ የደነገጠውን ቤተሰብ በለሰለሰ ቃል የምታረጋጋ ሴት አይተው «እኔም እንደ እርሷ እሆናለሁ» ያሉ ጥቂት አይደሉም። ይህ ምኞት ንጹሕ ምኞት ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም።

ከምኞቱ እስከ በሽተኛው አልጋ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። ተማሪዋ አስቀድማ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መውሰድ አለባት። ይህ ፈተና ምን ያህል እንደ ከበደ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ፈተናው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ውስጥ በተሰጠ ጊዜ፣ ከተፈታኞቹ መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በተከታዩ ፈተና ያለፉት 3.2 በመቶ ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሱ። ግማሹን ካላገኙት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸው፣ በተለምዶ ሪሜዲያል ወደሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንዲገቡ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ መንገድ ተከፍቶላቸዋል። ያንን ያለፉት አንደኛ ዓመት ይጀምራሉ፤ በአንደኛ ዓመት ውጤታቸውና በምርጫቸው መሠረት ደግሞ ወደ ትምህርት ክፍሎች ይመደባሉ። ነርስነትን የተማረችው ልጅ ስትጨርስም የመውጫ ፈተና ይጠብቃታል፤ ከዚያም በጤና ሚኒስቴር በኩል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ምዘና አለ።

እንግዲህ በዚህ መንገድ መካከል የቆመች አንዲት ወጣት እናስብ። እናቷ በጉልት ንግድ ያስተምሯታል። ታናናሾቿ የእርሷን መጨረሻ ይጠባበቃሉ። ባዮሎጂ አይከብዳትም፤ የሒሳብና የኬሚስትሪ ውጤቷ ግን አንድ ጊዜም ሁለት ጊዜም ዝቅ ብሎ መጥቷል። ጎረቤት «ልጅሽ መቼ ነው ነርስ የምትሆነው?» እያለ እናቷን ይጠይቃል። ልጅቱ ሌሊት መጽሐፉን ገልጣ ትቀመጣለች፤ ነገር ግን ዐይኗ በገጹ ላይ ሲሄድ ልቧ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ይላታል። እንዲህ ያለችው ልጅ በየሰፈሩ አለች። ምን እንበላት?

ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። የመጀመሪያው «ዕወቅ ያለው በአርባ ቀኑ ያውቃል፣ አትወቅ ያለው በአርባ ዓመቱ አያውቅም» የሚለው አሮጌ አባባል ነው። በዚህ ዐይን ሲታይ ውጤቷ ዕጣዋ ነው፤ አልተሰጣትምና ትተወው። ሁለተኛው በዘመናችን የተስፋፋው ነው፤ «የወደድሽውን ሁሉ መሆን ትችያለሽ፣ ብቻ ተስፋ አትቁረጪ» ይላል። እነዚህ ሁለቱ የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። ሁለቱም ልጅቱ ራሷን እንድትመረምር አይጠይቋትም። አንደኛው ፍርዱን ለዕድል ይሰጣል፤ ሁለተኛው ለፈቃድ ብቻ ይሰጣል። እውነቱ ግን ከሁለቱም የበለጠ ትዕግሥት ይፈልጋል።

በደጃፉ ላይ ያለው ትምህርት ስለ ምን አስፈለገ?

አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ተማሪዎች «ሰውን ለማስታመም ርኅራኄ ይበቃል፤ ሒሳብና ኬሚስትሪ ምን ያደርጋል?» ሲሉ እንሰማለን። ይህ አባባል ግማሽ እውነት አለው። ርኅራኄ የሌላት ነርስ ዕውቀቷ ቢበዛም በሽተኛው ይፈራታል። ነገር ግን ዕውቀት የሌለው ርኅራኄ የሚወደውን ሰው ሊጎዳ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ጥቂት ምሳሌዎች እናቅርብ። ሐኪሙ ለአንድ በሽተኛ 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ በደም ሥሩ እንዲገባ አዘዘ እንበል። የተሰቀለው ቱቦ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር የሚሆንበት ከሆነ፣ ጠቅላላው 20,000 ጠብታ ነው፤ 8 ሰዓት ደግሞ 480 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ነርሷ በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል እንዲወርድ ማስተካከል ይኖርባታል። ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው፤ ነገር ግን በስሕተት ቢፈጥን ለደከመ ልብ ሸክም ይሆናል፤ ቢዘገይም ውሃ ያጣው ሰውነት ይጎዳል። ሁለተኛው ምሳሌ የሕፃን ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ቢታዘዝለት 180 ሚሊ ግራም ይሆናል። በእጇ ያለው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ የምትሰጠው 7.5 ሚሊ ሊትር ነው። ነጥቧን አንድ ቦታ ብታዛባት ሕፃኑ አሥር እጥፍ ይወስዳል፤ ያ መጠን ጉበትን ሊመርዝ የሚችል ነው። ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባለው መድኃኒትም ሳይቀጥን በቀጥታ ወደ ደም ሥር ቢገፋ ልብን ያቆማል። ይህን ኬሚስትሪ ያስተምራል። በየቤታችን የምናውቀው በረኪና እንኳ የራሱ ልክ አለው፤ 5 በመቶ የሆነውን ወደ 0.5 በመቶ ለማውረድ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ይቀጠናል። ከዚህ ቢቀጥን ተሕዋስያንን ላይገድል ይችላል፤ ቢወፍርም ቆዳን ያቃጥላል፣ ዕቃንም ይበላል።

በዚህ ጉዳይ የአገራችን ታሪክም ምስክር አለው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ከንጉሣዊው ቤተሰብ ጋር በእንግሊዝ አገር ስደተኛ ነበሩ። በዚያም በለንደን ከተማ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነትን ትምህርት ተከታትለው በ1931 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ፈጸሙ። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ በ1934 ዓ.ም. በነቀምት ከተማ በወጣትነታቸው ዐረፉ። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው፣ የልደታ ሰው በየቀኑ በደጁ የሚያልፈው፣ ቀድሞ በእርሳቸው መታሰቢያነት የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ይባል የነበረው ነው። የንጉሥ ልጅ መሆን ማዕረግ ይሰጣል፤ የመድኃኒትን ልክ ግን አያስተምርም። እርሳቸውም ሙያውን ያገኙት በማዕረጋቸው ሳይሆን ተቀምጠው በመማር ነው።

ስለዚህ ተማሪዋ የምትታገለው ሒሳብና ኬሚስትሪ የማስታመሙ ሥራ መጀመሪያ ነው ብንል አንሳሳትም። በልደታ በሚገኘው ቤቷ አንዲት ስሌት አምስት ጊዜ ስትሠራ፣ ገና ላላየችው በሽተኛ ተረኛ ሆናለች።

በሌላ በኩል ደግሞ ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። በፈተና ላይ የሚወጣ ጥያቄ ሁሉ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ የሚያስፈልግ አይደለም። የመማሪያ ቦታ ከአመልካቹ ሲያንስ ፈተና እንደ ወንፊት ይሠራል፤ ወንፊትም አንዳንድ ጊዜ ደኅናውን ፍሬ ይጥላል። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት ኬሚስትሪን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ የተማረች ልጅና የተሟላ ዕድል ያገኘች ልጅ በአንድ ወረቀት ላይ ሲመዘኑ፣ ውጤቱ የልጅቱን ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቷንም ሁኔታ ያሳያል። ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና ሰባቱ ግማሹን ሳያገኙ በቀሩበት አገር፣ «እኔ ብቻ ደደብ ነኝ» ብላ ማልቀስዋ ከእውነት የራቀ ነው። ፈተና ማለፍ አለመቻልና ነርስ መሆን አለመቻል አንድ አይደሉም። ልዩነቱን መመርመር ግን ያስፈልጋል።

ጽናትና ግትርነት

ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ ሱማ ቴዎሎጊካ በተባለው ታላቅ ድርሰቱ ስለ ጽናት ሲያስተምር፣ ጽናት ከሁለት ተቃራኒ ጉድለቶች መካከል የቆመ ምግባር መሆኑን ያስረዳል። አንደኛው ጉድለት ልፍስፍስነት ነው። ልፍስፍስ ሰው መልካሙን ነገር የሚተወው ሊሸከመው የማይችል መከራ ስለ ደረሰበት ሳይሆን የለመደው ደስታ ስለ ቀረበት ነው። ሁለተኛው ግትርነት ነው። ግትር ሰው ከሚገባው በላይ በአሳቡ ይጸናል፤ መልካሙን ስለ ወደደ ሳይሆን የራሱ አሳብ ስለ ሆነ ብቻ አይለቀውም። ጽኑ ሰው ግን የሚገባውን ያህል፣ በሚገባው ነገር ይጸናል።

ይህ ትምህርት ለጉዳያችን እጅግ ይጠቅመናል። ሰፈራችን ጽናትን የሚያውቀው በመቀጠል ብቻ ነው፤ የቀጠለ ሁሉ ጀግና፣ የተወ ሁሉ ፈሪ ይባላል። ነገር ግን ከቀጠሉት መካከል በግትርነት የቀጠሉ፣ ከተዉትም መካከል በጥበብ የተዉ ይኖራሉ። ከውጭ ሲታዩ አንድ የሚመስሉትን የሚለያቸው በውስጥ ያለው ምክንያት ነው።

ግትርነት ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ግቡን ትቶ ስሙን መያዝ ነው። አንዲት ልጅ የምትፈልገው ጋውኑን፣ በሠፈር የሚነገርላትን ክብር፣ ወይም ወደ ውጭ አገር የሚወስደውን መንገድ ብቻ ከሆነ፣ ትምህርቱ ለእርሷ የሚዘለል አጥር ይሆንባታል። አጥርን የሚዘል ሰው ደግሞ እንዴት እንደ ዘለለ አይጨነቅም። ኩረጃ የሚወለደው ከዚህ ነው። በኩረጃ የተገኘ ውጤት በፈተና ክፍል ውስጥ ማንንም የጎዳ ላይመስል ይችላል። ከዓመታት በኋላ ግን ሌሊት በሰባት ሰዓት፣ ጠያቂ በሌለበት ክፍል፣ ስሌቱን የማታውቅ እጅ መርፌ ይዛ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ የሚከፍለው ምንም የማያውቀው በሽተኛ ነው። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው። ስለዚህ በኩረጃ ከማለፍ በሐቅ መውደቅ ይሻላል፤ የወደቀችው ልጅ ቢያንስ ማንንም አልጎዳችም።

የልፍስፍስነት ምልክቱ ደግሞ ሳይሞክሩ መፍረድ ነው። «ሒሳብ አይገባኝም» የምትል ተማሪ ብዙ ጊዜ ያልገባት በሰባተኛ ወይም በስምንተኛ ክፍል ያመለጣት ክፍልፋይና ምጣኔ ነው። መሠረቱ ስለ ጎደለ ጣራው ይንሸራተታል። ወደ ኋላ ተመልሶ የልጆችን መጽሐፍ መግለጥ ያሳፍራል፤ ነገር ግን ያ እፍረት ሁለት ወር ይቆያል፣ ያለ እርሱ የሚመጣው ጸጸት ግን ረጅም ነው።

የአንድ ሰው ታሪክ

የሕሙማንና የነርሶች ጠባቂ ተብሎ የሚከበረው ቅዱስ ካሚሎ ደ ሌሊስ በዚህ ረገድ የሚያስተምረን ብዙ አለው። እ.ኤ.አ. በ1550 በኢጣልያ ተወለደ። በወጣትነቱ ወታደር ነበር፤ ቁማርም ያለውን ሁሉ አሳጥቶት ነበር። በእግሩ ላይ የወጣ ቁስል ሳይድን ዕድሜውን ሙሉ አሠቃየው። በ1575 ሕይወቱን ለውጦ የካፑቺን ገዳማዊ ለመሆን ፈለገ። ነገር ግን ያ ቁስል እንደገና ስላመረቀዘ ከገዳሙ ወጣ፤ ደግሞ ተመልሶ ቢሞክርም በዚያው ምክንያት መውጣት ግድ ሆነበት። በቁስሉ ምክንያት ወደ ሮም ወደ ቅዱስ ያዕቆብ ሆስፒታል ሄዶ ነበርና በዚያ ሕሙማንን ማገልገል ያዘ። በገንዘብ ተቀጥረው የሚሠሩት አገልጋዮች ሕሙማኑን እንዴት ችላ እንደሚሉ አየ። ከዚህም የተነሣ ለሕሙማን የሚኖር ማኅበር አቋቋመ።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ካሚሎ ካህን ለመሆን ላቲን መማር ነበረበት። ዕድሜው ሠላሳ ካለፈ በኋላ ከትንንሽ ልጆች ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ ሰዋስው ተማረ፤ በ1584ም ካህን ሆነ። በ1614 እስኪያርፍ ድረስ ከሕሙማን አልተለየም።

ልብ እንበል። ይህ ሰው አንዱን መንገድ ተወ፤ ሌላውን ግን እስከ መጨረሻው ጸናበት። ገዳሙን መተዉ ሽንፈት አልነበረም፤ ሊያሸንፈው የማይችለው ምክንያት በሰውነቱ ላይ ነበረና። ላቲኑን አለመተዉም ግትርነት አልነበረም፤ ችግሩ በድካምና በትሕትና የሚወገድ ነበርና። ያንኑ ሰው አንድ ጊዜ መተው፣ አንድ ጊዜ መጽናት ጠቀመው። ምክንያቱም የያዘው ግብ እግዚአብሔርንና የተቸገረውን ሰው ማገልገል ነበር፤ መንገዶቹን ግን ለግቡ ሲል ይመዝናቸው ነበር። ከእርሱ የምንማረው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ግብን አጽንቶ መያዝ፣ መንገድን ደግሞ በግቡ መመዘን።

ውሳኔው እንዴት ይመርመር?

ይህን ይዘን ወደ ልጅቱ እንመለስ። ለእርሷ ከማንም በላይ የሚጠቅሟት ጥቂት ጥያቄዎች ናቸው ብለን እናምናለን።

አንደኛ፣ የምትወስነው መቼ ነው? ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ነፍስ በጨለማና በሐዘን ውስጥ ባለች ጊዜ፣ በብርሃን ጊዜ የቆረጡትን አሳብ መለወጥ እንደማይገባ አስተምሯል። ውጤት በተሰማበት ሳምንት፣ እንባ ሳይደርቅ የሚደረግ ውሳኔ የልብ ሳይሆን የቁስል ውሳኔ ነው። ስለዚህ አንድ ወር ትታገሥ፤ ትረፍ፣ ትተኛ፣ ከዚያ ታስብ።

ሁለተኛ፣ ያቃታት ነገር ምንድን ነው? የአእምሮ ጉዳይ ነው? የዝግጅት ነው? ወይስ የኑሮ? በአገራችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ኬሚስትሪ የከበደው የሚመስለው ተማሪ አንዳንድ ጊዜ የከበደው የጥያቄው ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ልጅቱ አንዱን ትምህርት ለታናሽ እኅቷ በአማርኛ ታስረዳት። ማስረዳት ከቻለች ዕውቀቱ አለ፤ የጎደለው ቋንቋ ነው፤ ቋንቋ ደግሞ ይማሩታል። በአማርኛም ማስረዳት ካልቻለች፣ ከየትኛው ክፍል ጀምሮ እንደ ተቋረጠባት ትፈልግ። ቀኑን እየሠራች ሌሊት ብቻ የምታጠና ከሆነ ደግሞ፣ ያቃታት ሒሳቡ ሳይሆን እንቅልፉ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ያልሞከረችው ምን አለ? መምህር ጠይቃለች? ከጓደኞቿ ጋር አጥንታለች? ካለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ስሕተቷን አውጥታ መዝግባለች? እነዚህን ሁሉ ያላደረገች ልጅ ነርስነት አልተሰጠኝም ብላ ለመፍረድ ገና ማስረጃ የላትም። ሁሉንም በሐቅ አድርጋ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምንም ለውጥ ካላየች ግን ማስረጃውን መቀበል ትሕትና ነው። በዚህ ምክንያት የምትቀጥል ልጅ አስቀድማ ወሰን ታብጅ፤ «ይህን ያህል ጊዜ፣ በዚህ ዓይነት ዝግጅት፣ አንድ ጊዜ ደግሜ እሞክራለሁ» ትበል። ወሰን የሌለው ሙከራ ተስፋ ሳይሆን ውሳኔን መሸሽ ነው።

አራተኛ፣ ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው? በወንጌል ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንዲያሰላ ጌታችን ምሳሌ ሰጥቷል። እናት ከጉልት የምታገኘው ብር ለአንዷ ልጅ ለግል ኮሌጅ ክፍያ ሲውል፣ ለታናናሾቹ ደብተር ያጥር ይሆናል። ይህ ማለት መተው አለባት ማለት አይደለም። ነገር ግን በቤት ውስጥ በግልጽ ሊነገር ይገባል። በሌላው መሥዋዕትነት የሚማር ሰው መሥዋዕቱን ዐውቆ፣ ሰጪውም ወዶ መሆን አለበት። እስካሁን የተከፈለው ብዙ ነውና መቀጠል አለብኝ ማለት ግን ትክክለኛ ምክንያት አይደለም። ያለፈው ወጪ ተመልሶ አይመጣም፤ ውሳኔው ከፊታችን ባለው ነገር መመዘን አለበት።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ቃል የገባችው ለማን ነው? ለጋውኑ ከሆነ፣ ጋውኑ ሲቀር ሁሉ ነገር ይቀራል። ለሕሙማን ከሆነ ግን ነርስነት ቢቀርም ቃሏ አይሰበርም። በአገራችን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ 10ኛ ክፍልን ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች ነበሩ። በየቤቱ እየገቡ ስለ ክትባት፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ንጽሕና ያስተማሩት እነርሱ ናቸው። የኤች አይ ቪ በሽታ በከተማችን በበረታበት ዘመንም፣ ዲፕሎማ ያልነበራቸው በጎ ፈቃደኞች የተኙ ሕሙማንን በየቤታቸው ያጥቡና ያበሉ ነበር፤ ዕድሮችም ከቀብር አልፈው በዚህ ሥራ ገብተዋል። የታመመ ሰው የሚያስፈልገው ነርስ ብቻ አይደለም። የሚያጓጉዘው፣ ካርዱን የሚያወጣለት፣ ምግቡን የሚያዘጋጅለት፣ ከሞት ፍርሃት ጋር ብቻውን ሲሆን እጁን የሚይዘው ያስፈልገዋል።

የእኛ ድርሻ

እስካሁን የተናገርነው ለልጅቱ ነው። ነገር ግን ውሳኔዋ ነጻ እንዲሆን በዙሪያዋ ያለን ሰዎች የምናደርገው አለ። ሰው በእፍረት ተከቦ በሐቅ ሊመርጥ አይችልም። ቢተው የሚዋረድ ከሆነ የሚቀጥለው ፈርቶ ነው፤ ቢቀጥል የሚሾፍበት ከሆነም የሚተወው ፈርቶ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ውጤት በመጣ ቀን «የደከምኩት በከንቱ ነው» ከማለት እንዲጠበቁ እንለምናለን። ይህ ቃል ልጅን ተበዳሪ ያደርጋታል፤ ባለ ዕዳ የሆነ ልብ ደግሞ አርቆ አያስብም። ጎረቤቶችም ጥያቄያቸውን ይመዝኑ። የተማሩ ወጣቶችና ጡረታ የወጡ መምህራን በየሰፈሩና በየቁምስናው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ቢሰጡ፣ ክፍልፋይ ያመለጣት ልጅ ክፍልፋዩን ታገኘዋለች። ለዚህ አንድ ክፍል፣ አንድ ሰሌዳና ታጋሽ ሰው ይበቃል። በሥራ ላይ ያሉ ነርሶችም በዕረፍት ቀናቸው ለእነዚህ ተማሪዎች ስለ ሥራቸው ቢነግሯቸው፣ የሌሊቱን ድካምና የሞትን ቅርበት ሳይደብቁ ቢያስረዷቸው፣ ምርጫው ከሕልም ወደ እውነት ይወርዳል። አንዳንዷ ይህን ሰምታ ትበረታለች፤ ሌላዋ «ይህ የእኔ አይደለም» ትላለች። ሁለቱም መልካም ነው።

የቀጠለችው ልጅ አንድ ቀን ነርስ ሆና ብትመጣ ደስ ይለናል፤ ስሌቷን የምታውቅ፣ ስሕተቷን የማትደብቅ፣ መከራን ከመጽሐፍ ብቻ ያልተማረች ነርስ ትሆናለችና። ወድቃ የምታውቅ ሰው የወደቀውን በሽተኛ ስታነሣ እጇ ይለሰልሳል። መርምራ፣ ጸልያ፣ ወሰኗን ጠብቃ የተወችው ልጅ ግን የምታሳፍረን አይደለችም። እርሷ ራሷን ዐውቃለች፤ ከማትችለው ሥራ ላይ እጇን በማንሣቷም ለማታውቃቸው ሕሙማን ደግ ሥራ ሠርታለች። ሁለቱንም በእኩል ዐይን የምናይ ብንሆን፣ ልጆቻችን በሐቅ ይመርጣሉ። ከእነርሱ የምንጠብቀውም ይህንኑ ነው።